የሩጫ ጨዋታ በአሜሪካን ፉትቦል፦ ስለ ብሎክ አሠራርና ስለ ሞሽን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደሩ ሲሆን፣ ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ብሎክ ማድረግ ምንድን ነው? ተጋጣሚን መያዝስ ይፈቀዳል?

ብሎክ ማድረግ ማለት ኳስ ያልያዘ የአጥቂ ቡድን ተጫዋች በሰውነቱና በእጆቹ ተከላካዩን ከኳስ ተሸካሚው መንገድ ማራቅ ወይም ወደ መንገዱ እንዳይደርስ መጋረድ ነው። ሥራው በዋናነት የአምስቱ የመስመር ተጫዋቾች ነው፤ መሀል ላይ ኳሱን ወደ ኋላ የሚያቀብለው ሴንተር፣ በግራና በቀኙ ሁለቱ ጋርዶች፣ ከእነርሱ ውጪ ደግሞ ሁለቱ ታክሎች ይቆማሉ። በመስመሩ ዳር የሚቆመው ታይት ኤንድና ከመስመሩ ኋላ የሚቆመው ፉልባክ፣ አንዳንዴም ውርወራ ተቀባዮቹ ሪሲቨሮች ያግዟቸዋል።

መግፋት እንጂ መያዝ አይፈቀድም። እጆች በተከላካዩ ደረት ክልል ውስጥ እስካሉና ሰውየው ሊያመልጥ ሲል እስከለቀቁት ድረስ ዳኛው ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል፤ ማልያ ጎትቶ ወይም ክንድ ጠምዝዞ ማስቀረት ግን 10 ያርድ ያስቀጣል። በአራት ሙከራ 10 ያርድ መሄድ ስላለበት፣ በሩጫ ለሚተማመን ቡድን ይህ ከባድ ቅጣት ነው፤ በአንድ ሙከራ አራት አምስት ያርድ እየቆረጠ የሚሄድ ቡድን በድንገት 20 ያርድ ሲቀረው፣ ባይፈልግም ለመወርወር ይገደዳል።

ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ጋፕ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

በመስመር ተጫዋቾቹ መካከል ያሉት ክፍተቶች ናቸው። በሴንተሩና በጋርዱ መካከል ያለው ኤ፣ በጋርዱና በታክሉ መካከል ያለው ቢ፣ በታክሉና በታይት ኤንዱ መካከል ያለው ሲ፣ ከታይት ኤንዱ ውጪ ያለው ዲ ይባላል፤ በግራም በቀኝም ስያሜው አንድ ነው። ተከላካዮች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ጋፕ ተከፋፍለው ይይዛሉ። ስለዚህ በአንድ ወገን ታይት ኤንድ ሲጨመር በዚያ ወገን አንድ ጋፕ ይጨመራል፣ ተከላካዩም ጋፑን የሚጠብቅ ሰው ከሌላ ቦታ ማምጣት ይኖርበታል። ይህችን ነጥብ መያዝ ይበጃል፤ ከታች ስለ ሞሽን (አንድ አጥቂ ኳሱ ከመነሳቱ፣ ማለትም ሴንተሩ ወደ ኋላ ከማቀበሉ በፊት ስለሚያደርገው እንቅስቃሴ) የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከእርሷ የሚነሳ ነውና።

ዞን ብሎክ ከጋፕ ብሎክ በምን ይለያል?

በዞን ብሎክ የመስመር ተጫዋቾች በሙሉ ሩጫው ወደሚሄድበት አቅጣጫ አብረው ይራመዳሉ፤ የእያንዳንዳቸው ኃላፊነትም የተወሰነ ሰው ሳይሆን በሚራመዱበት በኩል ያለ ክልል ነው። ፊት ለፊቱ ተከላካይ የቆመበት ተጫዋች እርሱን ይገጥማል። ማንም ያልቆመበት ደግሞ አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን ያግዛል፤ ሁለቱ ተከላካዩን በጋራ እየገፉ ዓይናቸውን ከመስመሩ ኋላ በሚቆመው ተከላካይ፣ ማለትም በላይንባከሩ ላይ ይጥላሉ። ላይንባከሩ ወደ ቀኝ ከመጣ የቀኙ፣ ወደ ግራ ከመጣ የግራው ተጫዋች ተላቅቆ ይቀበለዋል። ማን እንደሚላቀቅ አስቀድሞ አይወሰንም፤ የሚወስነው የላይንባከሩ እንቅስቃሴ ነው።

በጋፕ ብሎክ ግን ኳሱ የሚያልፍበት ቦታ አስቀድሞ የተመረጠ ነው። በዚያ ወገን ያሉት ተጫዋቾች ከፊታቸው ያለውን ትተው ወደ መሀል በኩል ያለውን ተከላካይ በሰያፍ ይመታሉ፤ ከሌላው ወገን ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ተጫዋቾች ቦታቸውን ለቀው ከመስመሩ ጀርባ በመዞር ወደ ጋፑ ይደርሳሉ። ሰውን ከጎኑ መምታት ፊት ለፊት ከመግፋት ስለሚቀል፣ የጋፕ ብሎክ ትልቁ ጥቅም ይኸው ማዕዘን ነው። ጉዳቱ የሚዞረው ሰው እስኪደርስ ጊዜ መፈለጉ ነው፤ ፈጣን ተከላካይ ጋርዱ ጥሎት በሄደው ክፍት ቦታ ሰርጎ ሩጫውን ከኋላ ሊይዘው ይችላል። በዚህ ምክንያት ይመስላል፣ ዛሬ በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) ከሁለቱ በአንዱ ብቻ የሚጫወት ቡድን ማግኘት ያስቸግራል።

የውስጥ ዞን እና የውጪ ዞን ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የውስጥ ዞን ተከላካዮችን ወደ ኋላ ለመግፋት፣ የውጪ ዞን ደግሞ ወደ ጎን ለመለጠጥ የታሰበ ነው። በውስጥ ዞን ኳሱን ይዞ የሚሮጠው ራኒንግ ባክ (ባጭሩ ባክ) በጋርዱ አካባቢ አነጣጥሮ ይነሳል፣ የመስመር ተጫዋቾቹም እርምጃ አጭር ነው፤ ሁለት ለአንድ ሆነው የመሀሉን ተከላካይ ካላንቀሳቀሱት ሩጫው እዚያው ይቀራል። በውጪ ዞን ባኩ የሚያነጣጥረው ወደ ዳሩ፣ በታይት ኤንዱ አካባቢ ነው። የመስመር ተጫዋቾቹ ተከላካዩን በውጪ ትከሻው በኩል ለመቅደም ይሮጣሉ። ከቀደሙት ሩጫው በዳር በኩል ይወጣል፤ ተከላካዩ ላለመቀደም ወደ ዳር ከሮጠ ደግሞ እዚያው እየገፉ ይወስዱትና ከኋላው ክፍተት ይፈጠራል። ባኩ አንድ ጊዜ እግሩን ተክሎ ወደዚያ ክፍተት ይገባል። ደጋግሞ የሚያማርጥ ባክ ለዚህ አሠራር አይመችም።

የውጪ ዞንን ዝነኛ ያደረገው ዴንቨር ብሮንኮስ ነው። ማይክ ሻናሃን በ1995 ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ የመስመር ተጫዋቾቹን ሥራ ለአሌክስ ጊብስ ሰጠ፤ በመስመሩም ከግዝፈት ይልቅ ለእግር ቅልጥፍና ቅድሚያ ተሰጠ። በዚያው ዓመት በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) በስድስተኛ ዙር የተመረጠው ቴሬል ዴቪስ በ1998 የውድድር ዘመን 2,008 ያርድ ሮጠ። በ1999 ዴቪስ ሲጎዳ ኦላንዲስ ጋሪ 1,159 ያርድ፣ በ2000 ደግሞ ማይክ አንደርሰን 1,487 ያርድ አስመዘገቡ። ዴቪስ ተራ ሯጭ ነበር ማለት አይደለም፤ በ2017 በዝነኞች አዳራሽ ስሙ ሰፍሯል። ሆኖም በሦስት ተከታታይ ዓመታት ሦስት የተለያዩ ባኮች ይህን ያህል ሲሮጡ፣ ምስጋናው ከባኮቹ አልፎ ለአሠራሩም የሚደርስ ነው።

ያ የዴንቨር ቡድን የሚወቀስበትም ነገር አለ። ሩጫው ከሚሄድበት በተቃራኒ ወገን ያሉ ተከላካዮችን እግራቸው ላይ በመውደቅ መጣል ልማዱ ነበር፤ ብዙ ተከላካዮችም አምርረው ይጠሉት ነበር። አንድ ተጫዋች ተከላካዩን ከላይ ገጥሞት ሳለ ሌላው ከታች የሚመታበት ጥምር ብሎክ በኤንኤፍኤል ከ2016 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተከልክሏል።

ጋርዱ ቦታውን ለቆ ወደ ሌላው ወገን የሚሮጠው ለምንድን ነው?

ተከላካዩ ከቆጠረው በላይ አንድ ሰው ወደ ጋፑ ለማድረስ ነው። ፓወር በሚባለው ጨዋታ ፉልባኩ የዳሩን ተከላካይ ወደ ውጪ ይገፋዋል፣ ከሌላው ወገን የሚዞረው ጋርድ ደግሞ በተከፈተው በር ገብቶ ላይንባከሩን ይቀበላል። በካውንተር ጋርዱ ራሱ የዳሩን ተከላካይ ይመታል፤ ከኋላው ተከትሎት የሚዞረው ታክል ወይም ታይት ኤንድ ወደ ላይንባከሩ ያልፋል፣ ባኩም መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ወገን አንድ እርምጃ ወስዶ ተከላካዮችን ያሳስታል። በትራፕ ደግሞ የመሀል ተከላካዩ ሆን ተብሎ እንዲገባ ይተዋል። መንገዱ ባዶ ሆኖለት ሲንደረደር፣ የሚዞረው ጋርድ ከጎን ይደርስበታል።

የአሠልጣኝ ቪንስ ሎምባርዲ ግሪን ቤይ ፓከርስ በ1960ዎቹ ተጋጣሚዎቹን ሁሉ ያስጨነቀው ሁለቱም ጋርዶች፣ ጄሪ ክሬመርና ፈዚ ተርስተን፣ አብረው ወደ ዳር በሚዞሩበት ስዊፕ ነበር። የዚያ ጨዋታ ቁልፍ ታይት ኤንዱ ነው፤ ላይንባከሩን ወደ የትኛውም ወገን ቢወስደው፣ ባኩ ተቃራኒውን ይዞ ይሮጣል። በ1980ዎቹ የጆ ጊብስ የዋሽንግተን ቡድን ጋርድና ታክልን አንድ ላይ የሚያዞረውን ካውንተር መለያው አደረገው፤ «ሆግስ» የሚል ቅጽል የወጣላቸው የመስመር ተጫዋቾቹም ኳሱን ከሴንተሩ ተቀብሎ ከሚያከፋፍለው ኳርተርባክ የማይተናነስ ዝና ነበራቸው።

ጋርዱ ሊዞር እንደሆነ አንዳንድ ጊዜ ከአቋሙ መለየት ይቻላል። ወደ ፊት ሊገፋ ያሰበ ጋርድ መሬት በነካው እጁ ላይ ክብደቱን ስለሚጥል የጣቶቹ አንጓ ይነጣል፤ ሊዞር ያሰበው ግን ክብደቱን ወደ ኋላ ስለሚያደርግ እጁ መሬቱን ዳሰስ ብቻ ያደርጋል። ልምድ ያላቸው ላይንባከሮች ይህን ያነባሉ፤ ጥሩ ጋርዶች ደግሞ በሁሉም ጨዋታ አንድ ዓይነት አቋም ለመያዝ ይለማመዳሉ።

ዱዎ የሚባለው ዞን ነው ወይስ ፓወር?

ለፓወር የቀረበ ነው፤ የሚዞር ጋርድ የሌለው ፓወር ቢባል ያስኬዳል። የመሀል ተከላካዮች ሁለት ለአንድ ይገፋሉ፣ ገፊዎቹም ወደ ላይንባከሩ ለመላቀቅ አይቸኩሉም። ባኩ የመሀሉን ላይንባከር እያየ ይጠጋል፤ ላይንባከሩ ወደ ውስጥ ከገባ በውጪ፣ በውጪ ከጠበቀ በውስጥ ያልፋል። በቴሌቪዥን ከውስጥ ዞን ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ተንታኞችም ሲያምታቱት ይሰማል።

አንድ ተከላካይ ማንም ሳይነካው የሚተወው በስህተት ነው?

አንዳንዴ በስህተት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በስሌት ነው። ኳሱን የሚሰጠው ኳርተርባክና የሚሮጠው ባክ ብሎክ ስለማያደርጉ፣ አጥቂው 11 ተከላካዮችን የሚገጥመው በ9 ሰው ነው። በጥልቀት ቆመው የሚጠብቁት ሰይፍቲዎች ርቀው ስለሚገኙ ልዩነቱ ሁልጊዜ አይታይም፤ አንዱ ሰይፍቲ ወደ መስመሩ ሲጠጋ ግን አንድ ሰው ያለ ብሎክ መቅረቱ አይቀርም። የብሎክ አሠራር ከባዱ ጥያቄም ማንን ብሎክ እናድርግ ከሚለው ይልቅ ማንን እንተው የሚለው ነው።

አንዱ መፍትሔ ኳርተርባኩ በዓይኑ «ብሎክ» እንዲያደርግ ማድረግ ነው። በዞን ሪድ የዳሩ ተከላካይ ሆን ተብሎ ይተዋል፤ ወደ ባኩ ከሮጠ ኳርተርባኩ ኳሱን አስቀርቶ ራሱ ይሮጣል፣ ከቆመ ደግሞ ለባኩ ይሰጣል። ሌላው መፍትሔ የሚተወውን ሰው ከሩጫው እንዲርቅ ማድረግ ነው፤ ሞሽን የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በሞሽን ላይ ሕጉ ምን ይላል? ከሺፍትስ በምን ይለያል?

በኤንኤፍኤል ኳሱ በሚነሳበት ቅጽበት በእንቅስቃሴ ላይ ሊሆን የሚችለው አንድ ተጫዋች ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት መንቀሳቀስ አይችልም። ሺፍት የሚባለው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ተጫዋቾች ቦታ ሲቀይሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ሰከንድ ረግተው መቆም አለባቸው። ከሁለቱ አንዱ ሲጣስ ቅጣቱ 5 ያርድ ነው። በካናዳ ፉትቦል ግን በርካታ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ ያውም ወደ ፊት እየሮጡ መነሳት ይችላሉ፤ የሁለቱን አገር ጨዋታ እያፈራረቁ የሚያዩ ተመልካቾች ግራ የሚጋቡት በዚህ ነው።

ሞሽን ለሩጫ ምን ይጠቅማል?

በመጀመሪያ መረጃ ይሰጣል። ሪሲቨሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር አንድ ተከላካይ ሜዳውን አቋርጦ ከተከተለው፣ ተከላካዮቹ ሰው ለሰው ለመያዝ እንዳሰቡ ይጠቁማል፤ ማንም ካልተከተለው ክልል እየጠበቁ ሊሆን ይችላል። ከመረጃው የሚበልጠው ጥቅም ግን የጋፕ ክፍፍሉን በመጨረሻዋ ሰከንድ ማዛባቱ ነው፤ ተከላካዮች የተስማሙበትን ቁጥር እንደገና ለመቁጠር ጊዜ አያገኙም።

ለዚህ ከ17ኛው ሱፐር ቦውል (የኤንኤፍኤል የዋንጫ ጨዋታ) የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ዋሽንግተንም በከተማዋና በአካባቢዋ የሚኖሩ የብዙ አንባቢዎቻችን የሰፈር ቡድን ነው። ጥር 30 ቀን 1983 ፓሳዴና ላይ፣ በአራተኛው ሩብ፣ ማያሚ 17 ለ 13 እየመራ ነበር። ዋሽንግተን በማያሚ ሜዳ 43ኛው ያርድ ላይ አራተኛ ሙከራው ላይ ደርሶ አንድ ያርድ ቀርቶታል። ታይት ኤንዱ ክሊንት ዲዲየር ወደ መሀል መንቀሳቀስ ጀመረና ድንገት ወደ መጣበት ተመለሰ። ይከተለው የነበረው ኮርነርባክ ዶን ማክኒል አብሮት ለመመለስ ሲሞክር አዳለጠው። ተነስቶ ጆን ሪጊንስ ጋ ሲደርስ የያዘው ማልያ ብቻ ነበር፤ ሪጊንስ ጥሎት 43 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ዋሽንግተን 27 ለ 17 አሸነፈ፣ ሪጊንስም በ38 ሩጫ 166 ያርድ አስመዝግቦ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ብዙዎች የሚያስታውሱት የሪጊንስን ጉልበት ነው፤ ማክኒልን ከቦታው ያዘገየው ግን የዲዲየር ሁለት እርምጃ ነበር።

ሪሲቨሩ በሙሉ ፍጥነት አልፎ ኳሱን የማይቀበል ከሆነ ምን ፋይዳ አለው?

አንዳንዴ እንደሚቀበል ስለሚታወቅ ነው። ጄት ሞሽን በሚባለው ሪሲቨሩ ኳሱ በሚነሳበት ቅጽበት በኳርተርባኩ አጠገብ ያልፋል፤ ኳሱን ተቀብሎ ወደ ዳር ከሮጠ ቀድሞ የሚደርስበት ተከላካይ አይገኝም። ይህን አንድ ጊዜ የቀመሰ ላይንባከር በሚቀጥለው ጊዜ ሪሲቨሩ ሲያልፍ አንድ እርምጃ ወደዚያ መውሰዱ አይቀርም። ሩጫው በተቃራኒው ወገን ከሆነ ያቺ አንድ እርምጃ ለሴንተሩ ትበቃዋለች፤ ሊደርስበት የማይችለውን ላይንባከር አሁን በቀላሉ ያገኘዋል። ለዚህም ነው ኳሱን አንድም ጊዜ ሳይሰጡ ጄት ሞሽን ብቻ የሚያሳዩ ቡድኖች ብዙ ሳይቆዩ የሚነቃባቸው።

የማይክ ሻናሃን ልጅ ካይል ሻናሃን የአባቱን የውጪ ዞን ከእነዚህ እንቅስቃሴዎች ጋር አጋብቶታል። ጥር 19 ቀን 2020 በኤንኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች በአንዱ) ፍጻሜ የእርሱ ሳን ፍራንሲስኮ ግሪን ቤይን 37 ለ 20 ሲረታ ኳርተርባኩ ጂሚ ጋሮፖሎ የወረወረው ስምንት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ራሂም ሞስተርት ግን 220 ያርድ ሮጦ አራት ጊዜ አስቆጠረ። በዚያ ቡድን ውስጥ የሠራው ማይክ ማክዳንኤል ወደ ማያሚ ሄዶ ነገሩን በፍጥነት አባባሰው፤ በመስከረም 2023 ማያሚ ዴንቨርን 70 ለ 20 ሲያሸንፍ በሩጫ ብቻ 350 ያርድ አግኝቷል። የውጪ ዞን አገሩ በሆነችው ዴንቨር ላይ መሆኑ ይገርማል።

ፉልባኩ ወይም ታይት ኤንዱ ኳሱ ሊነሳ ሲል ትንሽ ብቻ የሚንቀሳቀሰውስ ለምንድን ነው?

ለብሎኩ ማዕዘንና ፍጥነት ለማግኘት ነው። ቆሞ የሚጀምር ታይት ኤንድ ከእርሱ የከበደውን የዳር ተከላካይ ከቆመበት መግፋት አለበት፤ በእርምጃ ላይ ሆኖ የሚደርስበት ግን ተንደርድሮ ይመታዋል። ከዚህም በላይ ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረ ፉልባክ በቀኝ በኩል አንድ ጋፕ ይጨምራል። ተከላካዮቹ በአንድ ሰው ወደ ቀኝ ካልተሸጋሸጉ በቀኝ ቁጥር ያንሳቸዋል፤ ከተሸጋሸጉ ደግሞ ፉልባኩ ወደ ቀኝ ሄዶ ሩጫው በግራ ይወጣል። የሳን ፍራንሲስኮው ካይል ዩስቼክ አብዛኞቹ ቡድኖች ፉልባክ በተዉበት ዘመን ቦታውን ያስከበረው በዋናነት በዚህ ሥራ ነው። ጨዋታ ሲያዩ ዓይንን ከኳሱ አንስቶ ለጥቂት ሙከራዎች እርሱን የመሰለ ተጫዋች ብቻ መከተል፣ የሩጫ ጨዋታን ለመማር ከሁሉ ፈጣኑ መንገድ ነው እላለሁ።

ተከላካዮች ለሞሽን ምን መልስ አላቸው?

ሦስት ዋና መልሶች አሉ። አንደኛው ሰውየውን ተከትሎ መሮጥ ነው፤ ቀላል ቢሆንም እንደ ማክኒል መቀደምን ያስከትላል። ሁለተኛው ማንም ሳይከተል ላይንባከሮቹ በሙሉ በአንድ ጋፕ ወደ ሞሽኑ አቅጣጫ መሸጋሸግ ነው። ሦስተኛው ሰይፍቲዎቹ ሚና መለዋወጥ ነው፤ ሞሽኑ በሚሄድበት ወገን ያለው ሰይፍቲ ወደ መስመሩ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ኋላ ወጥቶ ጥልቁን ይጠብቃል። ይህ ሦስተኛው የላይንባከሮቹን ቦታ ስለማይነካ ለሩጫ መከላከል የተሻለ ነው፤ ሁለቱ ሰይፍቲዎች ካልተናበቡ ግን ጥልቁ ባዶውን ይቀራል፣ በሩጫ አምስት ያርድ የሚሰጥ የነበረው ስህተት በውርወራ ያስቆጥራል።

የመስመር ተጫዋቾቹ ለሩጫ ብሎክ እያደረጉ ኳርተርባኩ ከወረወረ ሕገ ወጥ አይደለም?

የሚለካው በያርድ ነው። ወደ ፊት ለሚወረወር ኳስ የመስመር ተጫዋቾች ኳሱ ከተነሳበት መስመር አልፈው መሄድ የሚችሉት በኤንኤፍኤል እስከ 1 ያርድ፣ በኮሌጅ ደግሞ እስከ 3 ያርድ ነው። ኳርተርባኩ ከሩጫና ከውርወራ አንዱን ኳሱ ከተነሳ በኋላ የሚመርጥበት አሠራር በኮሌጅ የበለጠ የሚመቸው በዚህ ምክንያት ነው። በኤንኤፍኤል ላይንባከሩን ፍለጋ የቸኮለ ጋርድ ጥሩውን ውርወራ ያሰርዛል።

ሞሽን ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ሁሉም ቡድን ሁልጊዜ የማይጠቀምበት ለምንድን ነው?

ዋጋ ስላለው ነው። ሞሽኑ ተከላካዩን ሲያንቀሳቅስ ለራሱ የመስመር ተጫዋቾችም ሥዕሉን ይቀይርባቸዋል፤ ሴንተሩ ቆጥሮ የጨረሰው ላይንባከር ኳሱ ሊነሳ ሲል ጋፕ ይቀይራል፣ ማን ማንን እንደሚይዝ የተነጋገሩትም እንደገና መነጋገር አለባቸው። በዞን ብሎክ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ሕጉ ክልልን የሚመለከት ስለሆነ ሰው ቢቀያየርም ሥራው ያው ነው። በጋፕ ብሎክ ግን የሚዞረው ጋርድ የሚፈልገው ሰው ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል። በሞሽን የሚታወቁት ቡድኖች አብዛኞቹ መሠረታቸው ዞን የሆነውም በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ዋጋ ጊዜ ነው። ሞሽን ያለበት ጨዋታ ኳርተርባኩ ሰውየውን አስነስቶ፣ ተከላካዩን አይቶ፣ ሪሲቨሩ ትክክለኛው ቦታ ላይ በደረሰባት ቅጽበት ኳሱን እንዲያስነሳ ይጠይቃል፤ ኳሱን ለማስነሳት የተሰጠው ሰዓት ሊያልቅ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ሲቀር ደግሞ ተከላካዮች መነሻዋን ገምተው ይንደረደራሉ። የተጋጣሚ ደጋፊዎች በሚጮሁበት ሜዳ፣ ድምፅ በማይሰማበት፣ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። በተለይ ወጣት ኳርተርባክ ያላቸው ቡድኖች ሪሲቨሩ ሳይረጋ ሌላው በመነሳቱ 5 ያርድ ሲቀጡ የሚታዩት በእነዚህ ሰዓቶች ነው።